የኤሌክትሪክን ጫጫታ ጸጥ ያሰኘው ሮበርት ዊድላር

ራዲዮ በባትሪ ሲሠራ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ያው ራዲዮ በገመድ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር ሲያያዝ ግን አንዳንድ ጊዜ ከተናጋሪው ድምፅ ኋላ በቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ ያለ ጉምጉምታ ይሰማል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ጥፋቱ የጣቢያው ወይም የራዲዮው እየመሰለው ይማረራል። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም። የሚጮኸው ራዲዮው የሚመገበው ኤሌክትሪክ ነው። ምግቡ ያልተጣራለት መሣሪያ ሥራውም አይጣራም።

እኔ ይህን የተረዳሁት ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ለወላጆች በዓል የሚሆን የድምፅ ማጉያ ስንሠራ ነው። በዚያው ጊዜ ስለ ራሴም አንድ የሚያሳፍር ነገር ተምሬአለሁ፤ እርሱን በመጨረሻ እናገራለሁ። አሁን ግን ይህን ጫጫታ ጸጥ ለማሰኘት ከደከሙት ሰዎች መካከል ጠባዩ እጅግ ስለሚያስደንቀው ስለ ሮበርት ጆን ዊድላር ሕይወት እጽፋለሁ። ስሙ እንደ ኤዲሰን በየቤቱ አይነሣም፤ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ በሚያውቁ ሰዎች ዘንድ ግን ታላቅ ስም ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዊድላር የተወለደው ኅዳር 30 ቀን 1937 በአሜሪካ አገር፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ ነው። አባቱ በራሱ ጥረት የተማረ የራዲዮ መሐንዲስ ስለ ነበረ ልጁ ያደገው በሽቦና በራዲዮ አምፑል መካከል ነው። ሌሎች ልጆች ኳስ ሲያባርሩ እርሱ የተበላሸ ራዲዮና ቴሌቪዥን ከፍቶ ይመረምር፣ ይጠግንም ነበር። የሙያ ፍቅር በቤት ውስጥ ሲዘራ እንዴት እንደሚያፈራ የዚህ ልጅ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው።

በ1958 በአሜሪካ አየር ኃይል ገባ። በዚያም ወታደሮችን ኤሌክትሮኒክስ እንዲያስተምር ተመደበ። ትራንዚስተር ገና አዲስ ነገር ነበርና ለተማሪዎቹ የሚሆን መጽሐፍ ባጣ ጊዜ ራሱ ጽፎ አዘጋጀላቸው። ዕድሜው በዚያን ጊዜ ከ23 ዓመት አይበልጥም ነበር። ከአየር ኃይል በ1961 ከወጣ በኋላ በኮሎራዶ፣ በቦልደር ከተማ፣ በአንድ የምርምር ድርጅት እየሠራ በዚያው ባለው ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ በ1963ም በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ።

በዚያው ዓመት መስከረም ወር ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር በሚባል ድርጅት ተቀጠረ። በዚያን ዘመን ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንዲት ከጥፍር በምታንስ የሲሊከን ቅንጣት ላይ አንድ ላይ መሥራት ከተጀመረ ጥቂት ዓመት ብቻ ነበር። ይህችን ቅንጣት ቺፕ ይሏታል። መሐንዲሶቹ በብዛት ይሠሩ የነበረው ለሒሳብ መኪና የሚሆነውን፣ አለ ወይም የለም ብቻ የሚለውን ዓይነት ነበር። ድምፅንና ቮልትን እንደ መጠኑ የሚያመዛዝን ቺፕ ግን አስቸጋሪ ነበረ። ዊድላር ይህን መንገድ መረጠ። ዴቭ ታልበርት ከሚባል የአሠራሩ ባለሙያ ጋር ተባብሮ፣ እርሱ ሲነድፍ ታልበርት እየሠራ፣ በ1964 ማይክሮ ኤ 702፣ በ1965 ማይክሮ ኤ 709 የተባሉትን ማጉያዎች አወጡ። ሁለተኛው በዓለም ገበያ እጅግ ተፈላጊ ሆነ።

ትርፉ ለድርጅቱ ሲበዛ የእርሱ ድርሻ ግን እንደ ልፋቱ አልሆነለትም። ስለዚህ በ1965 መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ። ሲሰናበት ምክንያቱን እንዲገልጽ በተሰጠው ወረቀት ላይ ሀብታም መሆን እንደሚፈልግ ብቻ ጽፎ እንደ ሄደ ይነገራል። ከታልበርት ጋር የገቡበት ድርጅት ብዙም ሳይቆይ በናሽናል ሴሚኮንዳክተር ሥር ሆነ። ለጽሑፌ ምክንያት የሆነው ታላቅ ሥራውም የተሠራው በዚህ ነው።

አሁን አንባቢ ይታገሠኝና ጫጫታው ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ። በአገራችን ከግድግዳ የሚገኘው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ዝቅ ያደርገዋል፤ ዳዮዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ያደርጉታል፤ ኮንደንሰር ደግሞ ያጠራቅመዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ ኤሌክትሪኩ ፈጽሞ አይረጋም። ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ጋን ውስጥ ውሃ በእንስራ እየተገለበጠ ቢጨመር ውሃው በየጊዜው ከፍ ዝቅ እንደሚል፣ ቮልቱም በሴኮንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። በጆሮአችን የምንሰማው ጉምጉምታ ይኸው ነው።

ጋኑን ማተለቅ፣ ማለት ትልቅ ኮንደንሰር ማድረግ፣ ይረዳል፤ ነገር ግን ጫጫታውን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ሊኒየር ሬጉሌተር የሚባለው ቮልት አስተካካይ አስፈለገ። ይህ መሣሪያ በመስኖ ቦይ ላይ እንደ ቆመ በር ጠባቂ ነው። ጠባቂው ምልክት የተደረገበት እንጨት ከውሃው ዳር ተክሎአል። ውሃው ከምልክቱ ከፍ ሲል በሩን ጠበብ፣ ዝቅ ሲል ሰፋ ያደርገዋል። በሬጉሌተሩ ውስጥ በሩ ትራንዚስተር ነው፤ ምልክት ያለበት እንጨት መለኪያ ቮልት ነው፤ የጠባቂው ዐይን ደግሞ የሚወጣውን ከመለኪያው ጋር ዘወትር የሚያመዛዝን ማጉያ ነው። ትርፍ የሆነው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። 9 ቮልት ገብቶ 5 ቮልት በ1 አምፔር ቢወጣ 4 ዋት ሙቀት ይሆናል ማለት ነው።

ከዊድላር በፊት እንዲህ ያለውን ሬጉሌተር የሚሠሩት ከብዙ ልዩ ልዩ ክፍል አያይዘው ነበር። እርሱ በ1960ዎቹ አጋማሽ ኤል ኤም 100 የተባለውን አወጣ፤ የሬጉሌተርን ሥራ በአንድ ቺፕ ላይ ካኖሩት ቀዳሚው ነው። ግን ሁለት ችግሮች ቀሩ። አንደኛው፣ ብዙ ኃይል ለማሳለፍ ሌላ ትልቅ ትራንዚስተር ከውጭ መጨመር ያስፈልገው ነበር። ሁለተኛው ችግር የመለኪያው ነው፤ ትምህርት ያለበትም ይህ ነው።

ያ መለኪያ ዜነር የሚባል ዳዮድ ነበር። ዜነር ሥራውን የሚሠራው ኤሌክትሪክ መከላከያውን ሰብሮ ሲያልፍ ነው። ከናዳ እንደሚወርድ ጠጠር ኤሌክትሮኖቹ በሥርዓት ስለማያልፉ የራሱ የሆነ እሽሽ የሚል ጫጫታ ይፈጥራል። ደግሞም 6 ቮልት ያህል ስለሚፈልግ ለዝቅተኛ ቮልት አይመችም። ወደ ምሳሌአችን እንመለስና፣ ምልክት ያለበት እንጨት ራሱ ቢንቀጠቀጥ በር ጠባቂው ምን ሊያደርግ ነው? ትጋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እንዲያውም እንጨቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር በሩን እየከፈተና እየዘጋ ረግቶ የነበረውን ውሃ ራሱ ያናውጠዋል። ጸጥታ ከጠባቂው ጉልበት ይልቅ በመለኪያው መርጋት ይገኛል።

ዊድላር መለኪያውን ከሌላ ነገር ፈለገ። ትራንዚስተር ሲሞቅ በሁለት እግሮቹ መካከል ያለው ቮልት በእያንዳንዱ የሙቀት ዲግሪ ወደ 2 ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል። ሁለት ትራንዚስተሮች ልዩ ልዩ መጠን ያለው ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሙቀት ይጨምራል። የሚቀንሰውንና የሚጨምረውን በልክ ቢደምሯቸው አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍንና ሙቀት የማያናውጠው 1.2 ቮልት ያህል ይገኛል። የሐሳቡ መነሻ በ1964 ከፌርቻይልድ መሐንዲሶች በአንዱ ተገልጦ ነበር፤ ለእውነተኛ ሥራ በሚሆን መንገድ በአንድ ቺፕ ላይ ያኖረው ግን ዊድላር ነው።

በዚህ ዘዴ በ1970 ግድም ኤል ኤም 109 ተሠራ። እግሮቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ መግቢያ፣ መውጫና የጋራ መሬት። ከ1 አምፔር በላይ ያሳልፋል፤ 5 ቮልትም ይሰጣል። ብዙ ሙቀት ከሚያወጣ ትራንዚስተር ጎን ጥንቁቅ መለኪያ በአንድ ቅንጣት ላይ ማኖር የማይሆን ይመስል ነበርና ሥራው ብዙዎችን አስደነቀ። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍም ቺፑ እንዳይቃጠል ራሱን ይዘጋል። ዊድላር አሠራሩን በ1971 በታተመ ጽሑፍ ገለጠ። ዛሬ በየራዲዮ ጠጋኙ ሱቅ የሚገኙት ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተሮች ሁሉ የዚህ ሥራ ዘመዶች ናቸው። እንዲህ ያለ ሬጉሌተር የሚገባውን ጉምጉምታ ሺህ እጅ ያህል ሊቀንሰው ይችላል፤ 1 ቮልት የነበረው መናወጥ 1 ሚሊቮልት ይሆናል ማለት ነው።

ሆኖም ሬጉሌተር ስላደረግን ብቻ ጸጥታ አይገኝም። የሚገባው ቮልት በመናወጡ ዝቅ በሚልበት ቅጽበት እንኳ ከሚወጣው 2 ቮልት ያህል መብለጥ አለበት፤ አለዚያ ጉምጉምታው አልፎ ይሄዳል። ጠባቂው ለዝግተኛ መናወጥ ትጉህ ቢሆንም እጅግ ፈጣን ለሆነው አይደርስም፤ ስለዚህ በመውጫው ላይ፣ ከእግሩ ሳይርቅ፣ ኮንደንሰር ይደረጋል። መለኪያውም ምንም ቢረጋ ትንሽ የራሱ ጫጫታ አይጠፋውምና ያ ጫጫታ በማጉያው ከመጉላቱ በፊት በትንሽ ኮንደንሰር ማጣራት ብልህነት ነው። ዊድላር በ1960ዎቹ ሬጉሌተሮቹ ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን እግር አዘጋጅቶላቸው ነበር። የመሬት ሽቦዎችም ሁሉ በአንድ ነጥብ መገናኘት ይገባቸዋል።

ይህን ያህል ስለ ጸጥታ የደከመ ሰው ኑሮው ግን ጸጥ ያለ አልነበረም። መጠጥ ያበዛ ነበር። ከአለቆች ጋር ይጋጫል፤ ትእዛዝም አይወድም። በ1970 ድርጅቱ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ የግቢውን ሣር ማሳጨድ ቢተው፣ ዊድላር በመኪናው በግ ጭኖ አምጥቶ በሣሩ ላይ አሰራት፤ ነገሩም በጋዜጣ ወጣ። ጮሆ የሚናገር ሰው ደግሞ አይወድም ነበር። ስለዚህ በሥራ ክፍሉ ውስጥ አንድ መሣሪያ ሠራ። እንግዳው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር መሣሪያው ሰምቶ ቀጭን የሚያደነቁር ፉጨት ያሰማል፤ እንግዳው ዝም ሲል እርሱም ዝም ይላል። ሰው ምክንያቱን ሳያውቀው ድምፁን ዝቅ እያደረገ ይነጋገር ነበር ይባላል። ልብ ብለን ካየነው ይህም የሬጉሌተር ሥራ ነው፤ ከልክ ያለፈውን እያዩ መመለስ።

ከጠባዩ ሁሉ እኔን የነካኝ ግን ሌላው ነው። አንድ ዕቃ ተበላሽቶ ሥራውን ሲያደናቅፍበት አውጥቶ ከሣጥን አይመልሰውም፤ ወደ ቅርጫትም አይጥለውም። በብረት ላይ አስቀምጦ ዱቄት እስኪሆን በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ይህ የንዴት ሥራ ይመስላል፤ ግን ትልቅ ጥበብ አለበት። የተቀጠቀጠ ዕቃ ዳግመኛ ተሳስቶ ወደ ሥራ አይገባም፤ ሌላውንም ሰው አያታልልም። የሥራ ባልደረቦቹ ለዚህ ልማድ ስም ያወጡለት በእርሱ በራሱ ስም ነው።

በ1970 መጨረሻ፣ በ33 ዓመቱ ግድም፣ ሥራውን ለቀቀ። የድርጅቱን አክሲዮን ሸጦ ሚሊዮን ዶላር ያህል አግኝቶ ስለ ነበር በሜክሲኮ አገር፣ በባሕር ዳር በምትገኘው በፑዌርቶ ቫላርታ ተቀመጠ። የተመኘውን ሀብት አገኘ። ነገር ግን ሥራ ለለመደ አእምሮ ዕረፍት ብቻ አይበቃምና በ1974 ለናሽናል አማካሪ ሆኖ እንደገና መንደፍ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ከሠራቸው አንዱ ኤል ኤም 10 ነው። መለኪያና ማጉያ አንድ ላይ የያዘ ሲሆን በ1.1 ቮልት ይሠራል። ይህም ማለት አንዲት የባትሪ ድንጋይ ልትደክም ስትቃረብ እንኳ ታሠራዋለች ማለት ነው። በ1981 ከሌሎች ጋር ሊኒየር ቴክኖሎጂ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ከእነርሱም ጋር አልተስማማምና ከጥቂት ዓመት በኋላ ተለየ። በመጨረሻም የካቲት 27 ቀን 1991 በፑዌርቶ ቫላርታ ሲሮጥ ልቡ ቆሞ ሞተ። ዕድሜው 53 ዓመት ነበር።

እንግዲህ ስለዚህ ሰው ምን እንበል? አንዳንዱ ሥራውን ብቻ አይቶ ጠባዩን ይሸፍንለታል። ሌላው ደግሞ መጠጡንና ጠቡን አይቶ ሥራውን ያቃልላል። እኔ ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። ዊድላር ኤሌክትሪክ ከማይናወጥ መለኪያ ጋር ዘወትር እንዲመዛዘን አደረገ፤ በራሱ ኑሮ ግን እንዲህ ያለ መለኪያ ሲያጣ እናያለን። ይህ የሚያሳዝን ነው። በአንድ ነገር ግን መለኪያው አልተናወጠበትም፤ የተበላሸን ነገር እንደ ደኅና አድርጎ አላለፈም።

አሁን በመጀመሪያ ወደ ተውሁት ነገር ልመለስ። የድምፅ ማጉያውን ስንሠራ ጉምጉምታው አልጠፋ አለን። እኔ ሌሊቱን ሳስብ አድሬ በማግሥቱ ብቻዬን መጥቼ አንዱን ትራንዚስተር ገልብጬ አያያዝሁትና አቃጠልሁት። ሰው ሳያየኝ ነቅዬ በሌላ ተካሁት፤ የተቃጠለውን ግን ዕቃ አበላሸ እንዳልባል ወደ ሣጥኑ መለስሁት። ያንኑ ትራንዚስተር ጓደኛዬ ደኅና መስሎት ለሬጉሌተሩ ክፍል አነሣው። ሦስት ቀን ሙሉ ስሕተቱን ከንድፉ ላይ ፈለግን። ጓደኛዬ ንድፉ የእርሱ ስለ ነበረ ጥፋቱ የእኔ ነው እያለ አዘነ። እኔ እያወቅሁ ዝም አልሁ። በመጨረሻ መምህራችን ትራንዚስተሩን በመለኪያ ሲፈትኑት መሞቱ ታወቀ፤ ማን እንዳቃጠለው ግን አልታወቀም። ከዚያ በኋላ የመሬት ሽቦውን በአንድ ነጥብ አገናኘን፤ ኮንደንሰሩን ወደ ሬጉሌተሩ እግር አስጠጋን፤ ትራንስፎርመሩንም ከማይክሮፎኑ ሽቦ አራቅን። ለወላጆች በዓል ማጉያው ጥርት ብሎ ተናገረ። የእኔ ልብ ግን አልጠራም ነበር።

የዊድላርን የመዶሻ ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ያን ትራንዚስተር አስታወስሁ። ይህን ጽሑፍ ከመጻፌ በፊት ለጓደኛዬ እውነቱን ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ ሣጥኑን ከፍቶ፣ እስከ ዛሬ ከጥግ ተቀምጦ የነበረውን የሞተ ትራንዚስተር አውጥቶ በእጄ ላይ አኖረው። ከክበቡ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ አድርጌ ቀጠቀጥሁት። ጓደኛዬ ንድፉን በዚህ ዓመት አሻሽሎታል፤ እኔም አብሬው እሠራለሁ።

የምንኖረው ብዙ ጫጫታ ባለበት ዘመን ነው። እኛ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ሥራ ስንገባ ብዙ የሚናወጥ ነገር ያጋጥመናል። ጉልበታችንን ከማብዛታችን በፊት መለኪያችን የረጋ መሆኑን እንመርምር፤ የተበላሸውንም ከሣጥናችን እናውጣ።